ማታ ማታ ስልካችሁ በራሱ «እንዲተኛ» ማድረጊያ፦ ከቴክኖ እስከ አይፎን

«5 ደቂቃ ብቻ» ተብሎ የተከፈተ ቲክቶክ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሲለቀን ጥፋቱን የምናሸክመው ራሳችንን ነው። «ከነገ ጀምሮ በጊዜ እተኛለሁ» እንላለን። ነገ ይመጣል፣ ይመሻል፣ ያው ይደገማል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው፦ ማታ ላይ ከስልካችሁ ጋር ትግል አትግጠሙ። ውሳኔውን ቀን ላይ፣ ጭንቅላታችሁ ንቁ ሳለ ጨርሱት፤ ማታ አፈጻጸሙን ለስልኩ ተዉለት። በእጃችን ያሉት አብዛኞቹ ስልኮች፣ ርካሾቹም ጭምር፣ በሰዓት ራሳቸውን የሚገድቡበት መንገድ አላቸው። ለአብዛኛው ደግሞ ምንም አይከፈልበትም።

ብዙዎቻችን ስልካችንን በእንግሊዝኛ ስለምንጠቀም የሜኑ ስሞችን በዚያው አጠራራቸው ጽፈናል። ከስልክ ስልክ፣ ከቨርዥን ቨርዥን ቦታቸው ሊቀያየር ይችላል። ካጣችሁት ሴቲንግ ውስጥ ከላይ ባለው መፈለጊያ ስሙን ጻፉ።

🔵 ማታ ላይ ለምን እንሸነፋለን?

ሦስት ነገሮች ይደራረባሉ።

አንደኛው ድካም ነው። ጠዋት ላይ «አይ» ማለት ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ ስንማር ወይም ስንሠራ ውለን፣ ታክሲ ስንጠብቅ አምሽተን አልጋ ላይ ስንጋደም ግን ያ «አይ» የሚለው ሰውዬ ቀድሞን ተኝቷል።

ሁለተኛው አፖቹ ማብቂያ የላቸውም። ድሮ ድረ ገጽ መጨረሻ ነበረው፤ «ቀጣይ ገጽ» የሚል ቁልፍ ላይ ስትደርሱ ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ ብላችሁ ታስቡ ነበር። አዛ ራስኪን የሚባለው ዲዛይነር በ2006 እ.ኤ.አ. ማለቂያ የሌለውን ስክሮል ሠራ፤ ያቺ የማሰቢያ ቦታ ጠፋች። ሰውዬው ራሱ በኋላ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ቪዲዮ በራሱ ሲቀጥልም ነገሩ ያው ነው፦ ለመቀጠል ምንም ማድረግ አያስፈልግም፣ ለማቆም ግን መወሰን አለባችሁ።

ሦስተኛው ብርሃኑ ነው። ቦስተን ውስጥ ተሠርቶ ፒኤንኤኤስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በ2015 የታተመ ጥናት 12 ሰዎችን ወስዶ ለተከታታይ 5 ምሽቶች ከመኝታ በፊት 4 ሰዓት በሚያበራ ስክሪን፣ ለሌላ 5 ምሽቶች ደግሞ በወረቀት መጽሐፍ አስነበባቸው። በስክሪን ሲያነቡ ለመተኛት ወደ 10 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል፤ የሰውነታቸው የእንቅልፍ ሰዓትም ከ1 ሰዓት ተኩል በላይ ዘግይቷል። ጥቂት ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ነው፣ ብርሃኑም ከፍተኛ ነበር። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

«እኔ እኮ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ናይት ላይት እጠቀማለሁ» የምትሉ ካላችሁ፣ እሱ ብቻውን አያድናችሁም። የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 የሆኑ 167 ወጣቶችን በሦስት ከፍለው አይተዋል፦ የአይፎኑን ናይት ሺፍት የሚያበሩ፣ የማያበሩ፣ ከመኝታ በፊት ስልክ ጭራሽ የማይነኩ። በ2021 የወጣው ውጤት በአጠቃላይ ሲታይ በሦስቱ ቡድኖች እንቅልፍ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳየም። ችግሩ የቀለሙ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የምናየው ነገርና የምናይበት ጊዜም አለበት።

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ለአዋቂ ደግሞ 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ይመክራል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ሆኖ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተኝቶ ከንጋቱ 12 የሚነሳ ልጅ 4 ሰዓት ብቻ ተኝቷል። ሌሊት ያጠናውንም ቢሆን ጠዋት ፈተና ላይ የሚያገኘው እንቅልፍ ከበቃው ነው።

🔵 መጀመሪያ የሰዓቱን ነገር እንጨርስ

ብዙ ሰው ይህን ነገር ሞክሮ «አልሠራልኝም» የሚለው እዚህ ጋ ተሳስቶ ነው። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት፣ እኛ የምናስበው በሐበሻ ሰዓት። ከምሽቱ 4፡30 እንዲዘጋ ፈልጋችሁ 4:30 ፒኤም ብትሞሉ ስልካችሁ ከቀኑ 10፡30 ላይ፣ ገና ከሥራ ሳትወጡ ይዘጋጋል። ስለዚህ ይህን ያዙ፦

▪️ ከምሽቱ 3 ሰዓት = 9:00 ፒኤም ወይም 21:00
▪️ ከምሽቱ 4 ሰዓት = 10:00 ፒኤም ወይም 22:00
▪️ ከምሽቱ 5 ሰዓት = 11:00 ፒኤም ወይም 23:00
▪️ ከሌሊቱ 6 ሰዓት = 12:00 ኤኤም ወይም 00:00
▪️ ከንጋቱ 11 ሰዓት = 5:00 ኤኤም
▪️ ከንጋቱ 12 ሰዓት = 6:00 ኤኤም

ባጭሩ በ6 ሰዓት ይለያያሉ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ለስልኩ አዲስ ቀን የሚጀምርበት ሰዓት እንደሆነም አስታውሱ፤ ታች ላይ እንፈልገዋለን። የስልካችሁን ሰዓት በእጃችሁ ወደ ሐበሻ አቆጣጠር የቀየራችሁ ደግሞ ወደ አውቶማቲክ መልሱት። የተሳሳተ ሰዓት ያለው ስልክ ላይ ዋትስአፕን ጨምሮ አንዳንድ አፖች ራሳቸው ያስቸግራሉ።

🔵 ማን እንዲቀሰቅሳችሁ ትፈልጋላችሁ?

ከመዝጋት በፊት የሚመጣው ጥያቄ ይሄ ነው። ብዙ ወጣት ስልኩን ሌሊት ዝም የማያሰኘው ቲክቶክ ስለሚናፍቀው ብቻ አይደለም። እናት ብትታመምስ? ሳዑዲ ያለችው እህት ብትደውልስ? ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው። መልሱ ግን ስልኩን ለሁሉም ክፍት መተው ሳይሆን የተወሰኑ ሰዎች ብቻ የሚያልፉበት በር ማበጀት ነው።

የሳዑዲ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ የኤምሬትስ በ1 ሰዓት ይቀድመናል። ሰው ቤት የምትሠራ እህት ግን ሥራዋን ጨርሳ ስልክ የምታነሳው ብዙ ጊዜ እኛ በምንተኛበት ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ደግሞ በእነሱ በጋ በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ከኋላችን ናት። እዚያ ያለ ወንድም ከቀኑ 5:00 ፒኤም ከሥራ ወጥቶ ሲደውል እዚህ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ነው።

በሩን የምታበጁት እንዲህ ነው፦

▪️ አንድሮይድ ላይ ከኮንታክት ውስጥ የቅርብ ሰዎቻችሁን ስም ከፍታችሁ ኮከብ አድርጉላቸው። ከዚያ ሴቲንግ → ዱ ኖት ዲስተርብ → ፒፕል → ኮልስ ገብታችሁ «ስታርድ ኮንታክትስ» ምረጡ።

▪️ አይፎን ላይ ሴቲንግ → ፎከስ → ስሊፕ → ፒፕል ገብታችሁ ሰዎቹን ጨምሩ።

▪️ ደጋግሞ የሚደውል ሰው የሚያልፍበት «ሪፒት ኮለርስ» የሚባል ማብሪያ አለ። አንድሮይድ ላይ አንድ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ፣ አይፎን ላይ በ3 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ስልኩ ይጮኻል። ለቤተሰብ «ከባድ ነገር ከሆነ ወዲያው ሁለቴ ደውሉ» ብላችሁ ንገሩ። በቃ፣ ግማሹ ጭንቀት እዚህ ላይ ያልቃል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ አንድሮይድ ላይ ኮከቡ የሚሠራው ለመደበኛ የስልክ ጥሪ ነው። ከውጭ የሚደወልላችሁ በኢሞ፣ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ከሆነ ዱ ኖት ዲስተርብ ውስጥ «አፕስ» የሚለው ጋ ገብታችሁ ያንን አፕ ለብቻው ፍቀዱለት። የፈቀዳችሁለት አፕ ላይ ደግሞ የግሩፖችን ድምፅ አጥፉ፤ አለዚያ የዕድር ግሩፑም የክፍል ግሩፑም በዚያው በር ተከትሎ ይገባል። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ → ኖቲፊኬሽንስ ገብታችሁ ግሩፕ እና ቻናል የሚሉትን በአንዴ ማጥፋት ትችላላችሁ።

የማንቂያ አላርም አያሳስባችሁ። ዱ ኖት ዲስተርብ ሴቲንጉን ካልነካካችሁት አላርምን ያሳልፋል፤ አይፎን ላይም ፎከስ አላርምን ዝም አያሰኝም። ለኪዳን የሚነሳም፣ ለሱሁር የሚነሳም ሰዓቱን አያሳልፍም።

🔵 ሦስቱ ደረጃዎች

አንዴ ሁሉንም ጥርቅም ማድረግ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ በሦስተኛው ቀን ተናደን እናጠፋዋለን። የሚሻለው ቀስ በቀስ የሚጠብቅ ነው።

1. ዝም ማሰኘት፦ ኖቲፊኬሽን ይቆማል። ስልኩ እናንተን መጥራት ያቆማል ማለት ነው።
2. ማደብዘዝ፦ ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ቲክቶክና ኢንስታግራም ያለ ቀለም ሲታዩ የቆየ ጋዜጣ ይመስላሉ፤ ጣት ቶሎ ይሰለቻል።
3. መዝጋት፦ የተመረጡ አፖች ከነጭራሹ አይከፈቱም።

ለምሳሌ ከምሽቱ 5 ሰዓት መተኛት የሚፈልግ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ዝም ያሰኛል፣ ከ4፡15 ጀምሮ ያደበዝዛል፣ 4፡45 ላይ ይዘጋል።

አፖቹ ራሳቸውም የየራሳቸው ማስታወሻ አላቸው። ዩቲዩብ የመኝታ ሰዓት ማስታወሻ አለው። ቲክቶክ በ2023 ከ18 ዓመት በታች ላሉ ተጠቃሚዎች የቀን 60 ደቂቃ ገደብ አስተዋውቋል። ኢንስታግራም በ2024 ባስተዋወቀው የታዳጊዎች አካውንት ላይ ከ10:00 ፒኤም እስከ 7:00 ኤኤም ኖቲፊኬሽን ዝም ይላል። ጥሩ ነው። ግን የምንሸሸው ከእነሱ ሆኖ ቁልፉን ለእነሱ መስጠት አያዋጣም፤ ማስታወሻው አንዴ ሲነካ ይጠፋል። ዋናውን ሥራ በስልኩ በራሱ ሴቲንግ አሠሩት።

🔵 አንድሮይድ ላይ

ጎግል ዲጂታል ዌልቢንግ የሚባለውን ነገር ያስተዋወቀው በ2018 ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢንግ ኤንድ ፓረንታል ኮንትሮልስ» በሚል ስም ታገኙታላችሁ። እዚያ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይጠቅሙናል።

▪️ ቤድታይም ሞድ፦ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት፣ የሚሠራባቸውን ቀናት ትሞላላችሁ። «ከስተማይዝ» ውስጥ ዱ ኖት ዲስተርብን እና ግሬይስኬልን አብሩ። አንደኛውና ሁለተኛው ደረጃ እዚህ አለቀ። በአዳዲሶቹ አንድሮይዶች ላይ «ሞድስ» በሚል ስር ገብቶ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ቤድታይም ሞድን በሰዓት ሳይሆን ቻርጀር ሲሰካ እንዲጀምር ማድረግም ይቻላል። ሰፈራችሁ መብራት የሚሄድበት ከሆነ ግን አትምረጡት፤ መብራት በጠፋበት ማታ ገደቡም አብሮ ይጠፋል። በሰዓት አድርጉት።

▪️ ፎከስ ሞድ፦ ሦስተኛው ደረጃ ይሄ ነው። የሚያዘናጓችሁን አፖች ምረጡ፣ «ሴት ኤ ስኬጁል» ብላችሁ ሰዓት ስጡት። በዚያ ሰዓት የአፖቹ ምልክት ይደበዝዛል፣ ሲነኩም አይከፈቱም፣ ኖቲፊኬሽናቸውም አይመጣም። ሰዎች በብዛት የሚረሱት ይህን ነው።

▪️ አፕ ታይመር፦ «ቲክቶክ በቀን 1 ሰዓት» ዓይነት ገደብ ነው። ለቀን ጥሩ ነው፣ ለማታ ግን ወጥመድ አለው። ገደቡ የሚታደሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። የቀን ድርሻችሁን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ጨርሳችሁ 1 ሰዓት ብትታገሱ፣ ልክ ከሌሊቱ 6 ሲሆን ስልኩ ሙሉ 1 ሰዓት እንደገና ይሰጣችኋል። በጣም መተኛት ባለባችሁ ሰዓት! ስለዚህ ለሌሊት ፎከስ ሞድን እንጂ ታይመርን አትመኑ።

🔵 ሳምሰንግ ላላችሁ

ሳምሰንግ የራሱ የሆነ ጠንካራ መሣሪያ አለው፦ ሴቲንግ → ሞድስ ኤንድ ሩቲንስ። በድሮዎቹ ላይ ቢክስቢ ሩቲንስ ይባል ነበር፤ በጣም ርካሽ በሆኑት ሞዴሎች ላይ ላይኖር ይችላል።

«ስሊፕ» የሚለውን ሞድ ከፍታችሁ ሰዓት፣ ዱ ኖት ዲስተርብ እና ግሬይስኬል ማዘጋጀት ትችላላችሁ። «ሩቲንስ» ውስጥ ደግሞ ነገሩ እንደ ዓረፍተ ነገር ነው የሚሠራው፦ «ይህ ከሆነ፣ ይህን አድርግ»። ለምሳሌ፦ ሰዓቱ 11:00 ፒኤም ከሆነ → ሞባይል ዳታን አጥፋ፣ የስክሪን ብርሃን ቀንስ፣ ድምፅ ወደ ቫይብሬት። ዳታ ሲጠፋ መደበኛ ጥሪና ኤስኤምኤስ እንደወትሮው ይገባል፤ በኢንተርኔት የሚደወል ጥሪ ግን አይገባም። ቤተሰብ በኢሞ የሚደውልላችሁ ከሆነ ዳታ የሚያጠፋውን ተዉትና ፎከስ ሞድን ተጠቀሙ።

🔵 ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴል

ሦስቱም የአንድ ኩባንያ፣ የትራንሽን ምርቶች ናቸው። ብዙዎቹ ላይ ዲጂታል ዌልቢንግ ስላለ ከላይ ያልነው ይሠራል። ከዚያ ውጪ ብዙዎቹ ላይ «ስኬጁልድ ፓወር ኦን ኤንድ ኦፍ» የሚባል አገልግሎት አለ። ስልኩ በሰጣችሁት ሰዓት ጥርግ ብሎ ይጠፋል፣ ጠዋት በራሱ ይበራል። ቀላልና ጨካኝ ነው፤ ለአንዳንድ ሰው የሚሠራው ይሄ ብቻ ነው።

ከማብራታችሁ በፊት ሦስት ነገር እወቁ። ስልኩ ጠፍቶ ሳለ ማንም አያገኛችሁም፤ የአደጋ ጥሪም አይገባም። ብዙ ስልኮች ጠፍተው ሳለ አላርም ስለማይጮህ የመብሪያ ሰዓቱን ከአላርሙ ቢያንስ 15 ደቂቃ አስቀድሙት። ስልኩ ሲበራ ደግሞ ፒን ወይም ፓተርን እስክታስገቡ ድረስ እንደ ዋትስአፕና ቴሌግራም ያሉት መልእክት አያመጡም። ቤት ውስጥ ሌላ የሚደወልበት ስልክ ካለ ብቻ ሞክሩት።

🔵 አይፎን ላላችሁ

አፕል ስክሪን ታይምን ያመጣው በ2018 ከአይኦኤስ 12 ጋር ነው። ሁለት ነገር ያስፈልጋችኋል።

▪️ ዳውንታይም፦ ሴቲንግ → ስክሪን ታይም → ዳውንታይም። ሰዓት ትሞላላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ከፈቀዳችኋቸው በስተቀር ሁሉም አፖች ይደበዝዛሉ። የሚፈቀዱትን «ኦልዌይስ አላውድ» ውስጥ ምረጡ፦ ስልክ፣ መልእክት፣ ሰዓት፣ ቴሌብር፣ የባንክ አፕ፣ ካስፈለገ ዋትስአፕ።

ደካማ ጎኑ «ኢግኖር ሊሚት» የሚለው ቁልፍ ነው፤ ነክታችሁት ታልፋላችሁ። መፍትሔው የስክሪን ታይም ፓስኮድ መጠቀምና «ብሎክ አት ዳውንታይም» የሚለውን ማብራት ነው። ፓስኮዱን እናንተ አትወቁት፤ ታላቅ እህታችሁ ወይም የክፍል ጓደኛችሁ ይሙላው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ለቲክቶክ ብሎ ሰው የሚቀሰቅስ አይኖርም።

▪️ ሾርትከትስ፦ ስክሪኑ በሰዓቱ ጥቁርና ነጭ እንዲሆን የምታደርጉት በዚህ አፕ ነው። ሾርትከትስ → አውቶሜሽን → የመደመር ምልክቱ → ታይም ኦፍ ደይ። ሰዓቱን ሙሉ፣ «ረን ኢሚዲየትሊ» ምረጡ (አለዚያ በየማታው ፈቃድ ይጠይቃችኋል)፣ ከዚያ «ሴት ከለር ፊልተርስ» የሚለውን ጨምራችሁ ኦን አድርጉት። ለጠዋት ደግሞ ሌላ አውቶሜሽን ሠርታችሁ ኦፍ አድርጉ። አስቀድማችሁ ሴቲንግ → አክሰሲቢሊቲ → ዲስፕሌይ ኤንድ ቴክስት ሳይዝ → ከለር ፊልተርስ ገብታችሁ ግሬይስኬል መመረጡን አረጋግጡ።

🔵 ለየት ያለ ነገር ለምትፈልጉ፦ ማክሮድሮይድ

አንድሮይድ ላይ የራሳችሁን ሕግ መጻፍ ከፈለጋችሁ ማክሮድሮይድ የሚባል አፕ ፕሌይ ስቶር ላይ አለ። በነጻው 5 ማክሮ መሥራት ይቻላል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። እያንዳንዱ ማክሮ ሦስት ክፍል አለው፦ ትሪገር (የሚቀሰቅሰው ነገር)፣ አክሽን (የሚደረገው ነገር)፣ ኮንስትሬይንት (ቅድመ ሁኔታው)።

በጣም የምንመክረው ይሄ ነው፦

▪️ ትሪገር፦ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ ወይም ዩቲዩብ ሲከፈት
▪️ ኮንስትሬይንት፦ ሰዓቱ ከ22:45 እስከ 05:30 መካከል ከሆነ
▪️ አክሽን፦ ወደ ሆም ስክሪን መልስ፣ ከዚያ መልእክት አሳይ

መልእክቱን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። «ነገ ጠዋት ፈተና አለሽ»፣ «የ12፡30 ሰርቪስ ያመልጥሃል»፣ ደስ ያላችሁን። ቀን ላይ ያላችሁት እናንተ ለሌሊቱ እናንተ የተዋችሁት ደብዳቤ ነው።

ድካማችሁን ለመቆጠብ አንድ ነገር እንንገራችሁ፦ ማክሮድሮይድ ሞባይል ዳታ ወይም ኤርፕሌን ሞድ እንዲያጠፋና እንዲያበራ በማድረግ ጊዜ አትጨርሱ። አንድሮይድ ከውጭ የሚጫኑ አፖች እነዚህን በቀጥታ እንዳይነኩ ከልክሏል። ከላይ ያለው «ወደ ሆም መልስ» ግን ይሠራል።

⚠️ ጥንቃቄ፦ እንዲህ ዓይነት አፖች «አክሰሲቢሊቲ» የሚባል ፈቃድ ሊጠይቁ ይችላሉ። ይህ ፈቃድ ያለው አፕ ስክሪናችሁ ላይ ያለውን ማንበብና በእናንተ ስም መንካት ይችላል። ቴሌብር እና የባንክ አፕ ያለበት ስልክ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ከፕሌይ ስቶር ብቻ አውርዱ። ቴሌግራም ቻናል ላይ «ፕሪሚየም የተከፈተ» ተብሎ የሚለቀቀውን ፋይል አትጫኑ። 2 ሰዓት እንቅልፍ ለማግኘት ሂሳባችሁን ባዶ አታድርጉ።

🔵 የሌሊት ጥቅል ለምትገዙ

«እኔ የማመሸው ወድጄ ነው? የሌሊት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እውነትም አለው። ኢትዮ ቴሌኮም የሚሸጠው የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ይረክሳል፤ ኪሱ የሳሳ ተማሪ ፊልሙንም ሌክቸሩንም ለዚያ ሰዓት ያስቀምጠዋል።

ግን ዳታው ርካሽ የሚሆነው ለስልኩ ነው፤ እናንተ አብራችሁት ማምሸት የለባችሁም። ቀን ላይ የምትፈልጓቸውን ፋይሎች ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ሰብስቡ። ጥቅሉ ሲጀምር ሁሉንም ማውረድ አስጀምሩ፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ አድርጋችሁ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ተኙ። ቤድታይም ሞድም ሆነ ግሬይስኬል ማውረዱን አያቆመውም። ሳምሰንግ ያላችሁ ከ2 ሰዓት በኋላ ዳታውን የሚያጠፋ ሩቲን ጨምሩበት። ፊልሙን በነጋታው፣ ያለ ዳታ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣችሁ ታዩታላችሁ።

አይፎን አፖችን ከጀርባ ቶሎ ስለሚያቆም ይህ ዘዴ እሱ ላይ እንደ አንድሮይዱ አይመችም።

🔵 «አልሠራልኝም» የምትሉ፣ እነዚህን እዩ

▪️ ሰዓቱ ፒኤም ወይስ ኤኤም? ደግማችሁ እዩት።

▪️ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ እና ሻዎሚ ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ከጀርባ የሚሠሩ አፖችን ይገድላሉ። ማክሮድሮይድ በሁለተኛው ቀን ካቆመ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። የባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ እንዳይገደብ አድርጉ፤ ቴክኖ ላይ ፎን ማስተር ውስጥም በራሱ እንዲነሳ ፍቀዱለት።

▪️ አፑን ዘግታችሁ በብሮውዘር ትገባላችሁ? ክሮምንም ፎከስ ሞድ ውስጥ ጨምሩት።

▪️ ሌሊት የምታጠኑ ከሆነ የጥናት ፒዲኤፍ የምትከፍቱበትን አፕ ክፍት ተዉት፣ ሌላውን ዝጉ። ሁሉን ዘግታችሁ ለጥናት ብላችሁ ማጥፋት ከጀመራችሁ ገደቡ በአንድ ሳምንት ይሞታል።

▪️ አርብና ቅዳሜ ማታ ይለያል? ለእነዚያ ቀናት ዘግየት ያለ ሰዓት ስጡ እንጂ አታጥፉት። የሌሊት ተረኛ የሆናችሁ ጥበቃዎች፣ ነርሶች፣ ሾፌሮች ደግሞ ይህንኑ ሁሉ ቀን ለምትተኙበት ሰዓት ሙሉት።

▪️ ስልኩ ትራስ ስር ከሆነ የትኛውም ሴቲንግ ይደክማል። ቻርጀሩን ከአልጋ ራቅ አድርጋችሁ ሰኩ። አላርሙን ለማጥፋት መነሳት ግድ ይሆናል፤ ይህም አንድ ጥቅም ነው።

🔵 ዛሬውኑ ለመጀመር፦ የ10 ደቂቃ ሥራ

1. ለ5 የቅርብ ሰዎች ኮከብ ስጡ፤ «ከባድ ከሆነ ሁለቴ ደውሉ» በሏቸው።
2. ቤድታይም ሞድን ወይም ስሊፕ ፎከስን ልትተኙ ከምትፈልጉበት ሰዓት 1 ሰዓት አስቀድማችሁ አስጀምሩ።
3. ግሬይስኬልን አብሩ።
4. በጣም የሚይዟችሁን 3 አፖች ብቻ ፎከስ ሞድ ወይም ዳውንታይም ውስጥ ክተቱ። 10 አፕ አታድርጉ፤ ሦስቱ ይበቃሉ።
5. ለ7 ቀን ምንም ሳትነኩ ተዉት። ከዚያ የሚያስቸግረውን አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ።

አንድ ማታ ገደቡን ሰብራችሁ ብታመሹ ሁሉንም አታጥፉት። ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የእኛ ቃል ኪዳን አንዴ ከፈረሰ ይፈርሳል፤ ስልኩ ግን ቂም አይዝም። በነጋታው ማታ በዚያው ሰዓት ሥራውን እንደገና ይጀምራል።

አልገባ ያላችሁ ነገር ካለ የስልካችሁን ሞዴልና የአንድሮይድ ወይም የአይኦኤስ ቨርዥኑን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ሌሊት ኦንላይን የማይጠፋ ጓደኛ ካላችሁም ሼር አድርጉለት። ብቻ ቀን ላይ ይሁን።